ያልተመረቀው ስብሰባ

የታጨደ ሣር ሲሸታቸው በዓል ትዝ የሚላቸው ሰዎች አሉ። እኔን እልህ ይይዘኛል። ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ ያለውን ሜዳ ዘበኛው በማጭድ ሲያጭድ ሽታው በመስኮት ገባ። ከፊቴ የተቀመጠው ባለጉዳይ የሚለኝን ትቼ ተነሣሁና መስኮቱን ይበልጥ ከፈትኩት። ሰውዬው «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት መጥቶብኝ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከጨንቻ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነበር፤ ብርድና ጉም የማይለየው፣ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቀርከሃ ያለበት አገር። አባቴ የጎጃም ሰው ነው። የአማርኛ መምህር ሆኖ ተመድቦ መጣና የአገሩን ልጅ፣ እናቴን አገባ። ስለዚህ እኔን በሁለት ቋንቋ እየተቆጡ ነው ያሳደጉኝ። አባቴ ጥንቁቅ ሰው ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። እናቴ ደግሞ «እህልም አይገባም» ትለዋለች። ትዕግሥት ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ እናቴ በስሜ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ያለፈበት ማግስት ነበር። እኔ ስለ ምርጫው የገባኝ ነገር ቢኖር ጋዜጣ መቅረቱ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ጋዜጣ ሰፈራችን ያሉት ሸማኔዎች ዘንድ ይደርስ ነበር፤ ቀኑ ያለፈበት፣ አንዳንዴም ዘይት የጠጣ። የሚያነብላቸው ማሴቦ ነው። ማሴቦ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች አንድ ልጅ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሽመና የጀመረ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ልጅ። ሸማኔዎቹ እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰደው ይሸምናሉ፣ እሱ ቆሞ ያነባል። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ማግ አጠነጥናለሁ። የሚነበበው ነገር አይገባኝም። ግን ወሬው ሲጥማቸው መወርወሪያው ይቆማል፣ ወሬው ሲከፋ ደግሞ መወርወሪያው ይጣደፋል። የአገሩን ሁኔታ በዚያ ነበር የማውቀው።

ከዚያ ጋዜጣው ቀረ። ጋዜጣው ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ ዱቡሻውም ተከለከለ።

ዱቡሻ አገሬው ተሰብስቦ የሚመክርበት ሜዳ ነው። የእኛው መሐሉ ላይ ትልቅ ዝግባ ነበረው። ሥርዓት አለው፦ ሽማግሌ መርቆ ይከፍተዋል፣ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፣ ሽማግሌ መርቆ ይዘጋዋል። ሳይመረቅ ብድግ ማለት ነውር ነው። እዚያ ሣር ላይ ቆሞ መዋሸት ደግሞ ጎሜ ነው። ጎሜ የሠራ ሰው ገብሱ ይጠወልጋል፣ ላሙ ትነጥፋለች፣ ልጁ ይታመማል ይባላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናትና በጎሜ አላምንም ትላለች። አንድም ቀን ግን ስትሞክረው አላየሁም።

ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ። መመሪያው የመጣው ከላይ ነው ተባለ። ከእኛ በላይ ያለ ነገር የማውቀው የጉጌን ተራራ ብቻ ስለነበር መመሪያ የሚያወጡት ሰዎች እዚያ አናት ላይ የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከተራራው ሲወርድ «ዛሬ ደግሞ ምን ከልክለው ይሆን?» እያልኩ አየዋለሁ። ዱቡሻው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ሣሩ ጉልበቴ ድረስ አደገ።

ስብሰባ ሁሉ ቀበሌው አዳራሽ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ መኩሪያ የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ፈሪ ሲሾም ግን ከክፉ የሚሻለው ነገር ብዙ አይደለም። እሳቸው ያመጡት ደንብ እንዲህ ይላል፦ ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ጽፎ ያቅርብ፣ መድረኩ መርጦ ይመልሳል። ይህን በነገሩን ዕለት ማሴቦ ከኋላ ተነሣ።

«ጥያቄ በወረቀት ብቻ ከሆነ» አለ፣ «መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄ የለውም ማለት ነው?»

ሰው ሳቀ። አንዳንዱም አጨበጨበ። አቶ መኩሪያ አልሳቁም። በቀጣዩ የገበያ ቀን ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው ማሴቦን ከሸማኔዎቹ ቤት ወሰዱት። ሸማኔዎቹ ከጉድጓዳቸው እስኪወጡ መኪናው ሄዷል።

እትዬ ዘነበች ያልሄዱበት ቦታ የለም። ጣቢያ ሲሄዱ «እኛ ጋ የለም፣ ወረዳ ጠይቂ» ተባሉ። ወረዳ ሲሄዱ «ቀበሌሽን ጠይቂ» ተባሉ። ቀበሌ ሲመጡ አቶ መኩሪያ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ጥያቄሽን በወረቀት አቅርቢ» አሏቸው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም።

የእኔ ሥራ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘነበች ቤታችን በር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጻፊልኝ» አሉኝ። አባቴ አልወደደውም።

«የልጅ እጅ ባይገባበት ይሻላል» አለ።

«የመምህር ልጅ ካልጻፈች የማን ልጅ ትጻፍ?» አለች እናቴ።

እትዬ ዘነበች በጋሞኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። «ልጄ ማሴቦ የት ነው?» ይህችው ናት። ከጻፍኩ በኋላ «አንብቢልኝ» ይሉኛል፤ አነብላቸዋለሁ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና የገብስ ቆሎ እጄ ላይ ይዘግኑልኛል። ወሬው ተሰማና ሌላውም መምጣት ጀመረ። ስለ ደረቀው ቧንቧ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መንገዱ ጻፍኩ። ትልልቅ ሰዎች ፊቴ ተሰልፈው ሲቆሙ እንዴት እንደ ኮራሁ አልነግራችሁም።

ስብሰባ ሲሆን ወረቀቶቹ አቶ መኩሪያ ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ። እሳቸው እጃቸውን ይሰዱና አንዱን አውጥተው ያነባሉ፦ «መንገድ ስለ ተሠራልን እናመሰግናለን፣ ቀጣዩ ልማት መቼ ነው?» እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሌላ ያወጣሉ፤ እሱም ምስጋና ነው። የእኔዎቹ አንድም ቀን አይነበቡም። እትዬ ዘነበች ከኋላ ቆመው በእያንዳንዱ ወረቀት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

እኔ ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፦ ጽሕፈቴ ነው። አባቴ ደብተሬን ባረመ ቁጥር «ይሄ ፊደል ነው ወይስ ፍየል የሮጠበት ጭቃ?» ይለኝ ነበር። አቶ መኩሪያ ማንበብ ቢያቅታቸው ምን ይፈረድባቸዋል? ልጁ የጠፋው በእኔ ፊደል ምክንያት ነው ብዬ አምኜ፣ ከብት ማስገቢያው ሰዓት እስኪደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ፊደል እለማመድ ጀመር። ከሀ እስከ ፐ ጽፌ እሰርዛለሁ። «ሴ» አስቸገረችኝ፤ ቀለበቷ ሁሌ ትንጋደዳለች። በማስመሪያ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ለወጥኩ። አባቴ ደብተሬን አይቶ «ምን ነካሽ? አማረልሽ እኮ!» አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባም አልተነበበም።

ሽብሬ የምትባል የአቶ መኩሪያ ልጅ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አወጣች። አብረን ከጨረስነው በኋላ ወረቀቱን ልትጥል ስትል ከእጇ ተቀበልኳት። «ልጄ ማሴቦ የት ነው?» ይላል። በማስመሪያ የጻፍኩት ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ቤት ሞልቷል! ከረጢት ሙሉ አለ። እማዬ እሳት ታያይዝበታለች።»

«አባትሽ ያነቡታል?»

«ማን? አባዬ? እንዳለ አምጥቶ ያስቀምጠዋል እንጂ!»

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር፤ ደስታ ነበር። ጽሕፈቴን አየሁት፣ አምሯል። የ«ሴ» ቀለበት እንኳ ቀጥ ብላለች። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ደስታው ትምህርት ቤቱ በር እስክደርስ አልቆየም። ወረቀቱን በቡጢዬ ጨብጬ እሮጣለሁ፣ ፊቴ በእንባና በንፍጥ ተበላሽቷል፣ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች እናቴ ጋ እንሰት እየፋቁ ሳለ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ጫፍ ያዙት፤ የቆሎው ጨው ገና አልረገፈም። አላለቀሱም። በጋሞኛ «ወረቀት አፍ የለውም» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። እናቴም ተነሥታ ነጠላዋን ደረበች። ሦስታችን ሃላቃ አንጁሎ ቤት ሄድን።

ሃላቃ ዱቡሻው የመረጠው ሰው ማዕረግ ነው፤ ስብሰባውን የሚመርቀው እሱ ነው። ሃላቃ አንጁሎ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም ዘንግ ይይዛሉ፣ ሲናገሩም ቃል ያስከፍላቸው ይመስል በቁጠባ ነው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ እትዬ ዘነበችን «እርጥብ ሣር ያዢ» አሏቸው። በእኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ የቆመን ሰው ሳትሰማው ማለፍ ጎሜ ነው። ጦር የተማዘዘ ሰው እንኳ ለሣር ይቆማል።

«አዳራሹ ውስጥ ልያዝ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ሲሚንቶ ላይ ሣር ምን ያደርጋል?» አሉ ሃላቃ። «ቀኑን ጠብቂ።»

ቀኑ የመጣው በትልቅ እንግዳ ነው። ከላይ የሚመጣ ሰው ሕዝቡን ያወያያል ተባለ፤ ፈቃድ ወጣ፣ ጥሩምባ ተነፋ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ደግሞ የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ተገነጠለ። ንፋስ ነው ተባለ። እኔም ንፋስ ነው እላለሁ።

እንግዳው ከመኪና ሲወርድ ከጉጌ አናት የመጣ አይመስልም፤ ጫማው ጭቃ አላየም። ስለ አዳራሹ ሲነግሩት ዞር ዞር ብሎ አየና ዝግባውን አገኘ።

«ይሄን የመሰለ ሜዳ እያለ አዳራሽ ምን ያደርግላችኋል? እዚህ ይሁን!»

አቶ መኩሪያ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ ሜዳው ይረጥባል» አሉ።

«ፀሐይ ነው እኮ!»

«ማለቴ… ሕዝቡ ስለዚህ ቦታ አንዳንድ ኋላ ቀር አመለካከት አለው።»

«ታዲያ እኛ የመጣነው ኋላ ቀርነትን ልናጠፋ አይደል?»

እኛ ተማሪዎቹ ማጭድ ይዘን እንድንመጣ ተነገረንና ያን ጉልበቴ ድረስ ያደገ ሣር ማጨድ ጀመርን። እርጥብ ነው፣ ከሥሩ ጤዛ አለው፣ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ይደርሳል። ሃላቃ አንጁሎ ቆመው አዩንና «አትጣሉት» አሉ። «ከዳር ክመሩት።» ከመርነው።

ሕዝቡ ገና ሲገባ ነገሩ ሌላ እንደ ሆነ ያስታውቃል። አዳራሽ ውስጥ የሚንጫጫው ሰው እዚህ ቦታ ቦታውን ይዞ በጸጥታ ተቀመጠ። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከዳር፣ ወደ መኪናው መንገድ በሚወስደው መግቢያ በኩል ሆኑ። እንግዳው «ስብሰባችንን በይፋ ከፍተናል» አለ። ሃላቃ አንጁሎም ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ምድሩ ሰላም ይሁን፣ ገብሱ ይያዝ፣ የሄደ ይመለስ አሉ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። እንግዳው ደስ ብሎት አጨበጨበ። እንዲህ ሆኖ ስብሰባው በሁለት እጅ ተከፈተ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። አቶ መኩሪያ በጋሞኛ ይተረጉማሉ፤ እንደ አዳራሹ ጊዜ ግን አይቀባቡም። እንግዳው ያለውን ብቻ፣ ጠብታ ሳይጨምሩ። የቆሙበትን ሣር ዐሥር ጊዜ ያዩታል። ከዚያ ባርኔጣው መጣ፣ ምስጋናዎቹ ተነበቡ፣ እንግዳው «ጥያቄ ካለቀ ወደ አቋም መግለጫችን እንሂድ» አለ።

እትዬ ዘነበች ከክምሩ እፍኝ ሣር አንሥተው መግቢያው ላይ ቆሙ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ሜዳው ሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። በጋሞኛ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው ግን ጸጥታው ያደርሰዋል። ሲጨርሱ እንግዳው ወደ አቶ መኩሪያ ዞረ።

«ምን አለች?»

አቶ መኩሪያ አፋቸውን ከፈቱ። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን «ስለ ማዳበሪያው ታመሰግናለች» ብለው ያልፉት ነበር። አሁን የቆሙት ሣር ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ሽብሬ አለች፣ ታናናሾቿ አሉ፣ ማሳ ላይ ገብሳቸው አለ። አፋቸውን ዘጉ። ጉሮሯቸውን ያዙ።

«ጉሮሮዬን አሞኛል ጌታዬ። መምህሩ ይተርጉሙ።»

አባቴን ነው። አባቴ ከመምህራኑ መካከል ተነሣ። ብልጠታቸው ዛሬም ይገርመኛል፦ ጎሜ የሚይዘው የአገሩን ልጅ ነው፤ የጎጃም ሰው እንደ ልቡ ቢዋሽ ምንም አይሆንም። አባቴ ሊዋሽ ይችል ነበር። ሥራውን ያን ያህል የሚፈልግ፣ ዝንብ የሚፈራ ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀ፣ በኮቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ወደ ሴቶቹ አየ። እናቴ ወደ እሱ አታይም፣ አትጠቅሰውም፤ እትዬ ዘነበችን ነው የምታየው።

ከዚያ አባቴ ቃል ጽሕፈት ሲያስጽፈን በሚናገርበት ድምፅ፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ሁሉ እንዲደርስበት አድርጎ ተናገረ።

«ልጄን ማሴቦን የወሰዳችሁት ጥያቄ ስለ ጠየቀ ነው ትላለች። የት ነው? በሕይወት አለ ወይ? በወረቀት ጠየቅኩ፣ ወረቀቴን ለእሳት አደረጋችሁት። ዛሬ በአፌ እጠይቃለሁ። መልስ ሳላገኝ ከዚህ ሣር ላይ ማንም እንዳይነሣብኝ እለምናለሁ። ይህን ነው ያለችው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

እንግዳው «ይሄ አጀንዳችን አይደለም» አለ። «ስብሰባው እዚህ ላይ ተጠናቋል። አመሰግናለሁ።» ራሱ አጨበጨበ። ተነሣ። የተነሣው እሱና ሾፌሩ ብቻ ናቸው።

«መኩሪያ፣ ተነሥ እንጂ!»

አቶ መኩሪያ ከነኮታቸው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። «አልተመረቀም ጌታዬ» አሉ።

«አባት፣ ይመርቁንና እንሂድ!» አለ እንግዳው ወደ ሃላቃ ዞሮ።

አባቴ ተረጎመላቸው። ሃላቃ አንጁሎ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱ፤ አባቴ እሱንም ተረጎመው። «ጥያቄ ሜዳ ላይ ወድቆ አልመርቅም ይላሉ።»

እንግዳው ወደ መኪናው ሄደ። መንገዱ በእትዬ ዘነበች በኩል ነው። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልጮኸም። ገፋ አድርጎ ማለፍ ይችል ነበር። ደረሰና ቆመ። ለምን እንደ ቆመ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገበያ የለቀሙትን አማርኛ አወጡ።

«ጌታዬ፣ የኔ ልጅ የት አለች? ንገሪኝ ብቻ። እኔ አትቆጣም።»

በአማርኛቸው አንድም ሰው አልሳቀም። እንግዳው «እኔ አላውቅም እናቴ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። እውነቱን ይመስለኛል።

«እኔ አውቃለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አቶ መኩሪያ ናቸው። አሁንም እንደተቀመጡ ነው፤ የሚናገሩት ለሣሩ ይመስላል። «ቆላ ነው። የድሮ የጥጥ መጋዘን ውስጥ። በሕይወት አለ። ስሙን ለወሰዱት ሰዎች የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶም እልልታም አይደለም። እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። «ይበላል?» ነው ያሉት። እንግዳው በዚያ መሐል አልፎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሁላችንም አሁን ሃላቃ ይመርቃሉ ብለን እጃችንን ዘረጋን። ሃላቃ ተነሡ፣ ዘንጋቸውን ዝግባው ሥር ተከሉትና «ያለበት ታወቀ እንጂ ነገሩ አላለቀም» አሉ። «ሂዱ፣ ከብቶቻችሁን አስገቡ። ስብሰባው አልተዘጋም።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰዉ ከገበያ ሲመለስ ዱቡሻው ላይ ተቀመጠ። ሚሊሻዎቹ እየሮጡ መጡ።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«አለን» አሉ ሃላቃ። «የዚያው ቀን ስብሰባ ነው። የፈቀዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የዘጋው የለም።»

ሚሊሻዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱም የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ምርቃት እንዳልነበረ ያውቃሉ። ጠመንጃቸውን እንዳንገቱ ከዳር ቁጭ አሉ። በየገበያው ቀን እንዲያ ሆነ። ሸማኔዎቹ ሥራ ፈትተው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ የተቀቀለ ጎመንና ቆጮ ያመጣሉ፣ ዝናብ ሲመጣ የእንሰት ቅጠል እንከናነባለን። ወረቀት የለም፤ ያለው ሰው ይናገራል። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ እኔ ስጽፈው የከረምኩትን ሁሉ በባለቤቶቹ አፍ ሰማሁት። እትዬ ዘነበች በየሳምንቱ ሣር ይዘው ይቆማሉ፣ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አቶ መኩሪያም እየመጡ ይቀመጡ ነበር፤ ማንም አላናገራቸውም፣ ማንም አላባረራቸውም።

አባቴን ጠርተው አስጠነቀቁት። ወደ ሩቅ ቦታ እንደሚያዛውሩት፣ ትርጉም ሲሠራ ማስተዋል እንደነበረበት ነገሩት። ቤት ሲመጣ ፊቱ ከስሏል። እናቴ የሚበላ አቀረበችለት፤ አልበላም። ከዚያ ኮቱን መልሶ ለበሰ። የገበያ ቀን ነበር።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ይግባ ዝንቡ!» አለና ወደ ዱቡሻው ወጣ። እየሮጥኩ ተከተልኩት። ያን ቀን እጁን እንደያዝኩት አጥብቄ ይዤው አላውቅም።

ማሴቦ የተመለሰው ገብስ ሲታጨድ ነው። ማን እንደ ፈታው፣ ለምን እንደ ፈታው የነገረን የለም። ከቆላው፣ ከላንቴ፣ ሙዝ ጭኖ በሚመጣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣ፤ ወርዶም ቤቱ አልሄደም፣ ሰዉ ተቀምጦ ስላየ በቀጥታ ወደ ሜዳው መጣ። ከስቶ ትከሻው ሹል ሆኗል። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ክንዱን፤ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው አገላብጠው ካዩት በኋላ ነው ያቀፉት። እልልታው ተራራውን ሞላው። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ከሸማኔዎቹ አንዱን አቀፍኩ።

ሃላቃ አንጁሎ ተነሡ። ከተከሉት ዘንግ ጋር ትንሽ ታገሉ፤ መሬቱ ይዞታል። ነቀሉት። እርጥብ ሣር ያዙና ሊመርቁ እጃቸውን አነሡ። ሜዳው ሙሉ እጁን ዘረጋ፤ ሚሊሻዎቹም ዘረጉ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅነው ይህን ነበር።

«ሃላቃ፣ ይቆዩኝ» አለ ማሴቦ።

ድምፁ ሰልሏል። «መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም» አለ። «ከጎኔ የሚተኛ የካምባ ወረዳ ልጅ አለ። እናቱ የት እንዳለ አታውቅም። ከእሱም ሌላ አሉ።» ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም አንድ በአንድ ተናገረ። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ የካምባውን ልጅ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ ጠራው።

የሃላቃ አንጁሎ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቆየ። ወደ እትዬ ዘነበች አዩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱና ዘንጋቸውን መልሰው ተከሉት፤ ቁጭ አሉ። እኛም የዘረጋነውን እጅ ሰብስበን ተቀመጥን።

እትዬ ዘነበች የልጃቸውን እጅ ለእናቴ አስያዟት። ከመሬት እፍኝ ሣር ነጩ፤ ወደ መግቢያው ሄደው ስለ ካምባዋ እናት ቆሙ።